አላወርድም ያለው ሊፍት

ተረት ልንገራችሁ? «ንገረን» በሉኝ። ላም የለችበትም፣ በረትም የለበትም፤ ፎቅ ነው ያለበት። እናንተ ቁጭ በሉና ስሙኝ። እኔ ግን እየተንጎራደድኩ ነው የምነግራችሁ፤ ይቺን ነገር ቁጭ ብዬ ማውራት አልሆንልህ ብሎኛል።

ከከተማው ዳር «እፎይታ» የሚባል የመኖሪያ ሕንፃ ነበረ። ስሙን ያወጣለት ሰው ደረጃውን አልወጣውም። በሕንፃው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ እማማ በለጥሻቸው ይኖሩ ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተጠገነ ወዲህ ሐኪሙ ደረጃ ከልክሏቸዋል። በምርኩዝ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሳሎን ሲመላለሱ ይውላሉ። ከቤት ስለማይጠፉ ጎረቤቱ ሁሉ ቁልፉን አደራ የሚለው እሳቸው ዘንድ ነው። በራቸው ጀርባ በተደረደሩት ምስማሮች ላይ የሰው ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አንድም ቀን የአንዱን ቁልፍ ለሌላው ሰጥተው አያውቁም።

እማማ በለጥሻቸው አብሮ አደግ ጓደኛ አላቸው፤ እማማ ደብሪቱ ይባላሉ። እማማ ደብሪቱ አስም አለባቸው፣ ደረጃ አይወጡም። ሊፍት ደግሞ ይፈራሉ። «ብረት ሳጥን ውስጥ ገብቼ፣ በሩ ተዘግቶብኝ፣ በማላየው ገመድ ተጎትቼ? አላደርገውም» ይላሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚወርዱት እማማ በለጥሻቸው ነበሩ። ወርደው ግቢው አግዳሚ ላይ ከጓደኛቸው ጋር ፀሐይ ይሞቃሉ። ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ ግን አንዳቸው ከበረንዳ፣ አንዳቸው ከግቢ ሆነው በስልክ ነው የሚያወሩት።

አንድ ሐሙስ ቀን እማማ ደብሪቱ ግቢ ቆመው ደወሉ።

«በለጡ፣ ልጄ ጅማ ሊወስደኝ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በመኪና ይመጣል።»

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«እንጃ። በዚህ ደረቴ መመለስ መቻሌንም እንጃ።»

«ሳልስምሽማ አትሄጂም» አሉ እማማ በለጥሻቸው። «እወርዳለሁ።»

የፈለጉት ይሄንኑ ነው። መኪና አልፈለጉም፣ ቤት አልፈለጉም። አንዴ ወርደው ጓደኛቸውን መሳም ፈለጉ። «በወንበር ተሸክመን እናውርድዎት» የሚሉ ጎረምሶች አልጠፉም። አንዴ ሞክረውት ሰባተኛው ፎቅ ጋ ወንበሩ አመለጣቸው፤ እማማ የደረጃውን ብረት ይዘው ነው የተረፉት። ከዚያ ወዲህ የወንበር ወሬ ሲነሳ ምርኩዛቸውን ያነሳሉ።

እንግዲህ ወደ ሊፍቱ ሄዱ። ቁልፉን ተጫኑት። ሊፍቱ የሴት ድምፅ ተቀድቶለታል፤ ልስልስ ያለች፣ ምንም የማይከነክናት ሴት።

«ይቅርታ። አገልግሎት ተቋርጧል» አለች።

«ደብሪቱ ልትሄድ ነው፤ ልወርድ ነው፤ አውርጂኝ።»

«ይቅርታ። አገልግሎት ተቋርጧል።»

እማማ በለጥሻቸው ወደ በረንዳ ተመለሱና ስልካቸውን አነሱ። ለሊፍት ቴክኒሻኑ ለስንሻው ደወሉ።

«ልጄ ስንሻው፣ ደብሪቱ ልትሄድ ነው፣ እኔ መውረድ አለብኝ። ሊፍቱ አላወርድም አለ። እባክህ ክፈተው።»

«እማማ፣ ሊፍቱ አልተሰበረም፤ ጤነኛ ነው» አለ ስንሻው። «ውስጡ ያለው ኮምፒውተር የምርመራ ቀኑ ሲያልፍ ራሱን ይቆልፋል። ለመክፈት ቁጥር ይፈልጋል። ቁጥሩ ያለው ፕሮግራሙን የሠራው ናኦል ጋ ነው።»

«ያለ ቁጥሩ አይሆንም?»

«ሽቦ አዙሮ ማስነሳት ይቻላል። የራሴን እጅ አልፈራም እማማ። የናኦልን ፕሮግራም ነው የምፈራው፤ ቀኑ ስላለፈ ብቻ ይሁን ሌላ ነገር አይቶ የቆለፈው አላውቅም። በግድ ከፍቼው ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር በማን ይመጣል? በእኔ።»

ልብ በሉልኝ፣ ስንሻው ክፉ ሰው አይደለም። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ክፉ አይደለም፤ እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው። ክፉ ቢሆኑ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

እማማ በለጥሻቸው ወደ ሳሎን ሄዱ፣ ወደ በረንዳ ተመለሱ። ለናኦል ደወሉ። አያነሳም። ደግመው ደወሉ። አያነሳም። የአበባውን ማሰሮ ዞረው እንደገና ደወሉ። አነሳ።

«ልጄ ናኦል፣ ደብሪቱ ልትሄድ ነው፣ እኔ መውረድ አለብኝ። ሊፍቱ አላወርድም አለ። ስንሻው ሊፍቱን አልከፍትም አለ። እባክህ ለስንሻው ቁጥሩን ስጠው።»

«ማዘር፣ ቁጥሩ እጄ ላይ ነው፤ መስጠቱ ቀላል ነበር» አለ ናኦል። «ግን ቁጥሩን ሰጠሁ ማለት ሊፍቱ ደህና ነው አልኩ ማለት ነው። ፕሮግራሜን አልፈራውም፤ ሌሊት ቀን የደከምኩበት ነው። የምፈራው ሰሚራ ያስመጣችውን ገመድና ሞተር ነው። እኔ አላየሁት፣ አልነካሁት። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር በማን ይመጣል? በእኔ። ሰሚራ ዕቃዬ ደህና ነው ብላ ትጻፍልኝና ቁጥሩን እሰጣለሁ።»

እማማ ከበረንዳው ቁልቁል አዩ። አግዳሚው ባዶ ነው። እማማ ደብሪቱ ዕቃ ሊሸክፉ ሄደዋል። ለሰሚራ ደወሉ። ሰሚራ ሊፍት አስመጪ ናት፤ አንድ ስልክ በጆሮዋ፣ አንድ ስልክ በእጇ የማታጣ ሴት።

«ልጄ ሰሚራ፣ ደብሪቱ ልትሄድ ነው፣ እኔ መውረድ አለብኝ። ሊፍቱ አላወርድም አለ። ስንሻው ሊፍቱን አልከፍትም አለ። ናኦል ለስንሻው ቁጥር አልሰጥም አለ። እባክሽ ለናኦል ጻፊለት።»

«እናቴ፣ አንድ አፍታ» አለችና ሌላውን ስልክ ዘጋችው። «ገመዱን አልፈራም፣ ሞተሩንም አልፈራም። ስገዛው ቆሜ አስፈትሼዋለሁ። የምፈራው ኢንጂነር መኩሪያ የሠራውን ጉድጓድ ነው፤ ሊፍቱ የሚመላለስበትን ማለቴ ነው። ክረምት ውሃ ይገባበታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ደህና ነው ብዬ ጽፌ፣ ውሃ ብረቱን በልቶት ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር በማን ይመጣል? በእኔ። መኩሪያ ጉድጓዱ ደህና ነው፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው ይበልና እኔም እጽፋለሁ።»

ይኸው፣ ሐሙስ መሸ። ቅዳሜ ደግሞ አይጠብቅም። እማማ በለጥሻቸው እራታቸውን ሁለቴ ጎርሰው ተዉት። ተኙ፣ ተነሱ፣ የሰዉን ቁልፍ ነካኩ፣ ተኙ። ዓርብ ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ ለኢንጂነር መኩሪያ ደወሉ። ሕንፃውን የሠራው ተቋራጭ እሱ ነው። ሌላ ሥራ ላይ ነበር፤ ከጀርባው የኮንክሪት ማቡኪያ ይጮሃል።

«ልጄ መኩሪያ፣ ደብሪቱ ልትሄድ ነው፣ እኔ መውረድ አለብኝ!» ሲሉ ጮኹ። «ሊፍቱ አላወርድም አለ! ስንሻው ሊፍቱን አልከፍትም አለ! ናኦል ለስንሻው ቁጥር አልሰጥም አለ! ሰሚራ ለናኦል አልጽፍም አለች! እባክህ ለሰሚራ ጉድጓዱ የኔ ነው በላት!»

«ጉድጓዱን አልፈራም፤ ቱቦውን ራሴ ነኝ ያስደፈንኩት» አለ መኩሪያ። «የምፈራው እናንተን ነዋሪዎቹን ነው። ርክክብ ሳይደረግ ገባችሁ። በሊፍቱ ሲሚንቶ ትጭናላችሁ፣ ቁም ሳጥን ትጭናላችሁ፣ ለበዓል በግ ታወጣላችሁ። የኔ ነው ብዬ ጽፌ፣ እናንተ ከልክ በላይ ጭናችሁበት ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር በማን ይመጣል? በእኔ። ሻለቃ ወንድይራድ ተረክበናል ብለው ይፈርሙና እኔም እጽፋለሁ።»

«ውሉ ምን ይላል ልጄ? ስትዋዋሉ ስለ ሊፍቱ አልተነጋገራችሁም?»

መኩሪያ ማቡኪያው እንዲጠፋ ምልክት ሰጠ መሰለኝ፣ ጩኸቱ ቆመ።

«ውሉ 'ሊፍት ከነሙሉ ዕቃው' ይላል። በቃ። ስለ ሲሚንቶው ገጽ በገጽ ጽፈናል። ስለ በሩ ቀለም ተጨቃጭቀናል። ሊፍቱ ውስጥ የሚያስብ ነገር አለ፣ አንድ ቀን እምቢ ሊል ይችላል፣ እምቢ ሲል ማን ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።»

አያችሁልኝ? ስለ በሩ ቀለም ተጨቃጭቀዋል። ቀለሙ ደግሞ ግራጫ ነው። እኔ ይሄንን ስሰማ ደሜ ነው የሚፈላው። ሰው ቤቱን ሲያከራይ እንኳ መብራት ቢጠፋ፣ ቧንቧ ቢፈነዳ ማን ያሠራል ብሎ ይነጋገራል። እነዚህ የሰው ነፍስ የሚያንጠለጥል ዕቃ ገዝተው በአንድ መስመር አለፉት።

ሻለቃ ወንድይራድ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ጡረታ ቢወጡም ከደንብ አልወጡም። የእፎይታ ደንብ ደግሞ ሁሉን የሚነካ ነገር ሲኖር እያንዳንዱ አባወራና እማወራ ግቢ ወርዶ፣ ሰው እያየው፣ በገዛ እጁ ይፈርማል ይላል። አንድ ጊዜ አንዱ ስለ ጎረቤቱ ፈርሞለት ነገሩ ድብድብ አስከትሏል፤ ደንቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እማማ በለጥሻቸው ለሻለቃው ደወሉላቸው። አሁን ምርኩዛቸውን ረስተው ግድግዳ ይዘው ነው የሚመላለሱት።

«ሻለቃ፣ ደብሪቱ ልትሄድ ነው፣ እኔ መውረድ አለብኝ። ሊፍቱ አላወርድም አለ። ስንሻው ሊፍቱን አልከፍትም አለ። ናኦል ለስንሻው ቁጥር አልሰጥም አለ። ሰሚራ ለናኦል አልጽፍም አለች። መኩሪያ ለሰሚራ ጉድጓዱ የኔ ነው አልልም አለ። እባክዎ ለመኩሪያ ይፈርሙለት።»

«እትዬ በለጥሻቸው፣ እኔ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ» አሉ ሻለቃው። «የጭነቱን ነገር አልፈራም። ዘበኛ አቁሜ በጉንም ሲሚንቶውንም በደረጃ አስወጣለሁ። የምፈራው ያልፈረመውን ሰው ነው። ሁሉም ነዋሪ ፈርሟል። አንድ ሰው ብቻ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ይቀራል። እሱን ትቼ ፈርሜ፣ ነገ 'እኔ መች ተስማማሁ' ብሎ ቢነሳ በማን ይመጣል? በእኔ። ማስጠንቀቂያ አስለጥፌበታለሁ፤ ንቆ ዝም አለ።»

«የት ነው የለጠፉበት?»

«ምድር ቤት፣ መግቢያው ላይ። ማንም ሳያየው አያልፍም።»

«ለመሆኑ ማነው ይሄ ሰው?»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። ሻለቃው ሰውን በወረቀታቸው የሚያውቁት በቤት ቁጥሩ ነው።

«ዘጠኝ መቶ አራት» አሉ።

እማማ በለጥሻቸው ዘወር ብለው የገዛ በራቸውን አዩ። ቁጥሩ በውጭ በኩል ነው ያለው፤ ግን ለማወቅ መውጣት አላስፈለጋቸውም።

«ሻለቃ፣ ዘጠኝ መቶ አራት እኔ ነኝ።»

ከወዲያኛው ጫፍ ወረቀቱ እንደገና ሲገለጥ ተሰማ።

«እኔ ነኝ ሻለቃ። ያልፈረምኩት ስላልወረድኩ ነው። ያልወረድኩት ሊፍቱ አላወርድም ስላለ ነው። ሊፍቱ አላወርድም ያለው ስንሻው ስላልከፈተው ነው። ስንሻው ያልከፈተው ናኦል ቁጥር ስላልሰጠው ነው። ናኦል ያልሰጠው ሰሚራ ስላልጻፈችለት ነው። ሰሚራ ያልጻፈችው መኩሪያ የኔ ነው ስላላላት ነው። መኩሪያ ያላለው እርስዎ ስላልፈረሙለት ነው። እርስዎ ያልፈረሙት እኔ ስላልፈረምኩ ነው። እኔ ያልፈረምኩት ስላልወረድኩ ነው። ያልወረድኩት...»

እዚህ ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። ቁጭ ብለው ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አለቀሱ። እኔ የሚያስቅ መስሎኝ ነበር እስከዚህ ያመጣኋችሁ። አላስቀኝም። ጓደኛቸው ሊሄዱባቸው ነው፤ የሚያወርዳቸውን ሲፈልጉ ዞረው ዞረው ራሳቸውን አገኙ።

ስልኩ አልተዘጋም ነበርና ሻለቃው ልቅሶውን ሰሙት። አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«መጣሁ።»

መጡም፤ በእግራቸው፣ በደረጃ፣ ወረቀቱን በብብታቸው ይዘው። በሩ ላይ ሲደርሱ ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል፣ እስትንፋሳቸው ይቆራረጣል። እማማ ውሃ ሰጧቸው። ጠጡና ወረቀቱን ዘረጉላቸው።

«ደንቡ ግቢ ይላል» አሉ። «ግቢው ግን እርስዎ ጋ መውጣት ነበረበት። ጥፋቱ የኔ ነው። ይፈርሙልኝና ይለቅ።»

እማማ በለጥሻቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ከዛሬ ጀምሮ በሊፍቱ ለሚደርስ ማናቸውም አደጋ ኃላፊነቱ የነዋሪው ነው» ይላል። እስክሪብቶውን መልሰው አስቀመጡት።

«እትዬ፣ ነገ ቅዳሜ ነው» አሉ ሻለቃው።

«ቅዳሜ መሆኑንማ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን ይሄ ወረቀት የሁሉንም ፍርሃት ሰብስቦ ለኔ ነው የሚያሸክመኝ። ስለ ገመዱ ምን አውቃለሁ? ስለ ቁጥሩስ?» ተነሥተው መንጎራደድ ጀመሩ። «ይስሙኝ ሻለቃ። ከትናንት ጀምሮ ሳናግራቸው የራሱን ነገር የፈራ ሰው አላጋጠመኝም። ስንሻው እጁን አልፈራም፣ የናኦልን ፕሮግራም ፈራ። ናኦል ፕሮግራሙን አልፈራም፣ የሰሚራን ገመድ ፈራ። ሰሚራ ገመዷን አልፈራችም፣ የመኩሪያን ጉድጓድ ፈራች። መኩሪያ ጉድጓዱን አልፈራም፣ የኛን ጭነት ፈራ። እርስዎ ጭነቱን አልፈሩም፣ የኔን ፊርማ ፈሩ። ሁሉም የማይፈራውን ይዞ ይፈርም። እኔም እፈርማለሁ።»

ሻለቃው ጢማቸውን አሻሹ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው፣ ጦር ሜዳ ላይ እንዳሉ፣ ለአንዱ ለሌላው ደወሉ። «ዛሬ ከሰዓት፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ በአካል። ሊፍት የለም» አሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላጣጥመው። ሁሉም በእግራቸው ወጡ። ናኦል ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ። መኩሪያ አምስተኛው ላይ ራሱ የሠራውን ደረጃ ረገመ። ሰሚራ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው የደረሰችው። የለመደው ስንሻው ብቻ ነው። ሲገቡ ማንም ለመከራከር የሚሆን ትንፋሽ አልነበረውም፤ እማማ ደግሞ በዚህ ተጠቀሙ።

«የራስህን ነገር አልፈራም ያልከኝን አሁን ወረቀት ላይ በልልኝ» አሉ ለያንዳንዱ።

ሻለቃው የጭነቱን ነገር ጻፉ። ቀጥሎ መኩሪያ እስክሪብቶውን ያዘ፤ ያዘና አልጻፈም።

«ምነው?» አሉ እማማ።

«ቱቦውን ማስደፈኔ እውነት ነው። ግን ክረምቱ ከገባ ወርጄ አላየሁትም።» ቀና ብሎ ማንንም አላየም። «በስልክ ስነግርዎት እርግጠኛ ነበርኩ።»

የእጅ ባትሪ ይዞ ከስንሻው ጋር ወረደ። ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ነበረ። ስንሻው ሽቦ አዙሮ ቢያስነሳው ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል እያሰበ ይመስለኛል። እኔም በሆዴ ሰውን ፈሪ ብዬ የሰደብኩትን ትንሽ ቀነስኩ።

«ውሃው የኔ ነው» አለ መኩሪያ። ጻፈ፣ ፈረመ፣ ፓምፕ ሊያስመጣ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ሰሚራ ገመዱ የኔ፣ ሞተሩም የኔ ብላ ጻፈች። ከስንሻው ጋር አብራ አይታ ልታስፈትሸውም ተስማማች። ስንሻው ምርመራው የኔ ነው ብሎ ጻፈ። ናኦል ፕሮግራሙ የኔ ነው አለ። ሻለቃው ደግሞ አንድ አንቀጽ ጨመሩ፤ ከእንግዲህ ክርክር ቢነሳ እንኳ ተመርምሮ ደህና የሆነ ሊፍት ሳይቆም፣ ሰው እየወጣና እየወረደ ይከራከራሉ።

«ቁጥሩስ?» አሉ እማማ። «ነገ ሌላ ቀን ቢቆለፍስ?»

«ይደውሉልኛ ማዘር፣ አነሳለሁ።»

«ትናንት ወዲያው አነሳህልኝ?»

ናኦል ጆሮውን አከከ። ዓይኑ በሩ ጀርባ ወዳሉት ቁልፎች ሄደ። ሰማያዊ ገመድ ያለው፣ ጨርቅ የታሰረበት፣ የዛገ፣ አዲስ፤ ሁሉም በየምስማሩ።

«የነዚህ ቤቶች በር ሲቆለፍ ሰዉ ምን ያደርጋል?» አለ።

«እኔ ጋ ይመጣል። የራሱን እሰጠዋለሁ። የሌላውን አልሰጥም።»

ናኦል ወረቀት ለመነ፤ ቁጥሩን ጻፈ፣ ፖስታ ውስጥ ከተተ፣ አሸገ፣ በማሸጊያው ላይ ፈረመ። ስንሻው መርምሮ ደህና ካላለ አይከፈትም፤ ናኦል ስልክ ካላነሳ ብቻ ይከፈታል። ውሉ ላይም እንዲሁ ተጻፈ። እማማ በለጥሻቸው ፖስታውን ባዶ ምስማር ፈልገው ሰቀሉት። ያኔ እሳቸውም ፈረሙ።

ቅዳሜ ነጋ። ፓምፑ ይጮሃል፣ ውሃው ግቢው ውስጥ ይፈሳል። የእማማ ደብሪቱ ልጅ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ክላክስ ይነፋል። ሻንጣው ተጭኗል። እማማ ደብሪቱ አግዳሚው አጠገብ ቆመው ሽቅብ ያያሉ፤ እማማ በለጥሻቸው ከበረንዳው ቁልቁል ያያሉ። ክላክሱ ይነፋል። ውሃው አላለቀም። ክላክሱ ይነፋል። እባካችሁ፣ እኔም ልቤ ሊወጣ ነው።

ፓምፑ ዝም አለ።

እንግዲህ እማማ በለጥሻቸው ፈርመዋል። እሳቸው ሲፈርሙ ሻለቃው ፈረሙ። ሻለቃው ሲፈርሙ መኩሪያ ውሃውን አደረቀ። መኩሪያ ሲያደርቅ ሰሚራ ገመዱን አስፈተሸች። ሰሚራ ስታስፈትሽ ናኦል ቁጥሩን ሰጠ። ናኦል ሲሰጥ ስንሻው ቁጥሩን አስገባ። ስንሻው ሲያስገባ ሊፍቱ ነቃ። ባዶውን ወጣ፣ ባዶውን ወረደ። ስንሻው ራሱ ገብቶ ወጣ፣ ወረደ። ያቺ ልስልስ ሴትም ይቅርታዋን ተወች።

እማማ በለጥሻቸው ነጠላቸውን ደርበው ከሊፍቱ በር ፊት ቆሙ። ቁልፉን ሊጫኑ እጃቸውን ሲዘረጉ መብራቱ ቀድሟቸው በራ። ሊፍቱ እየመጣ ነው። በሩ ተከፈተ። ለመግባት ምርኩዛቸውን አነሱ።

ውስጥ ሰው አለ። የሊፍቱን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እማማ ደብሪቱ ቆመዋል።

«ደረስኩ?» አሉ።

«ደብሪቱ። ልወርድ ነበር እኮ።»

«ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምትወርጂው።»

«አልፈራሽም?»

እማማ ደብሪቱ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ፈራሁ እንጂ። ገና ከበሩ ላይ ስንሻውን፣ አንድ ነገር ብሆን በማን ይመጣል አልኩት። 'በእኔ' አለኝ። ገባሁ።»

ተሳሳሙ። ታች ክላክሱ ይነፋ ነበር፤ ሁለቱም አልሰሙትም። እኔም ተረቴን እስከ ዘጠነኛ ፎቅ አድርሼላችኋለሁ፤ መውረጃውን እናንተ ተጫኑት።